ጳጳሱ የፈቱት መሐላ

አባቴ በዓይናቸው አይተዋቸው በማያውቁ አንድ ጳጳስ ላይ ቂም ነበራቸው። ጳጳሱ ግብፃዊው አቡነ ማቴዎስ ናቸው። በኅዳር 1919 ዓ.ም. ሲያርፉ አባቴ ደሴ አካባቢ ጥጃ የሚጠብቁ ልጅ ነበሩ። ቂሙ የውርስ ነው። አያቴ ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ቀሩ፤ አባቴ ያን ጊዜ ገና በእናታቸው ሆድ ናቸው። እናታቸው የነገሯቸውን እሳቸው ደግሞ መርካቶ፣ ሱቃችን ውስጥ፣ በአቡጀዴ ጣቃ መካከል ተቀምጠው ለእኛ ይነግሩን ነበር። ጨርቅ የሚለኩበትን የእንጨት ሜትር ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወሬውን ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ይጨርሱታል፦ «ጳጳሱ የሸዋን መኳንንት ፈቱ፤ እኛን ግን ማን ፈታን?»

ነገሩ ላልደረሰው ባጭሩ ላውጋው። አፄ ምኒልክ ሕመም ሲጠናባቸው በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ኢያሱን፣ ወራሼ ነው ብለው አሳወጁ። መኳንንቱ ማሉ፤ አቡነ ማቴዎስም ከዚህ ቃል የሚወጣውን ገዘቱ። ከሃዲው ጥቁር ውሻ ይውለድ የተባለው ያኔ ነው። እርግማኑ ከአደባባይ ወጥቶ እስከ እኛ ሰፈር ደርሷል፤ ልጆች ሆነን ብይ ስንጫወት እንማማልበት ነበር። ሰባት ዓመት አለፈ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ሐረር እያሉ መኳንንቱ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡና ሰልመዋል ብለው ከሰሷቸው። አቡኑ ወዲያው እሺ አላሉም ይባላል፤ ግዝቱ የራሳቸው ነውና። ኋላ ግን መሐላውን ፈቱ፣ ወራሹንም አወገዙ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኰንን ራስና አልጋ ወራሽ ተባሉ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ገሥግሠው ቶራ መስክ ላይ ራስ ሉልሰገድን ገደሉ፤ ሰገሌ ላይ ግን ራሳቸው ተማረኩ። ከሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው በሺህ የሚቆጠር ነው።

ልጅ ኢያሱ በእርግጥ ሰልመው ነበር ወይ የሚለው የታሪክ ሰዎችን ዛሬም ያከራክራል። ቤታችን ውስጥ ግን ክሱ ራሱ ክስ ሆኖ አያውቅም። የአባቴ አክስት እስላም አግብተው ስድስት ልጅ ወልደዋል። በበዓል ቀን ሁለት ድስት ይጣዳል፣ አንዱ የክርስቲያን ሥጋ፣ አንዱ የእስላም ሥጋ፤ ወጡ ሲቀርብ የሚለየው ሳህኑ እንጂ ሰዉ አይደለም። ወሎ እንዲህ ነው። «ከእስላም ጋር ዋለ» ተብሎ ንጉሥ መሻር ለአባቴ የሸዋ ሰበብ ነው። መርካቶም ከወሎ ብዙም አይለይም፤ ራጉኤል ቅዳሴ ወጥቶ ሳይበተን አንዋር መስጊድ አዛን ይላል፣ ሁለቱንም የሰማ ነጋዴ ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ ይሄዳል።

ስለ አቡነ ማቴዎስ ማንበብ የጀመርሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቂሙን ለማደለብ ነበር። አባቴ ካረፉ በኋላ ሱቁ ለእኔ ቀረ፣ ቂሙም አብሮ ቀረ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች የገዛሁትን ባንኮኒ ሥር አድርጌ አነባለሁ። የምፈልገው ከሃዲ ሰው ነው። ያገኘሁት ግን አርባ አምስት ዓመት በሰው አገር፣ በአራት መንግሥት ሥር የኖረ መነኩሴ ነው።

በ1874 ዓ.ም. ከግብፅ ሲመጡ ከሌሎች ሦስት ጳጳሳት ጋር ነው። ከዚያ በፊት እስክንድርያ ለኢትዮጵያ የምትልከው አንድ ብቻ ነበር፤ አፄ ዮሐንስ አራት ጠይቀው አራት አገኙ። አቡነ ጴጥሮስ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ቀሩ፣ አቡነ ሉቃስ ወደ ጎጃም፣ አቡነ ማርቆስ ወደ ጎንደር፣ አቡነ ማቴዎስ ወደ ሸዋ ወደ ምኒልክ። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ የሸዋው ጳጳስ የአገሩ ሁሉ ጳጳስ ሆኑ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ምኒልክን ቀብተው አነገሡ። ዐድዋ ዘመቱ። ለመልእክት እስከ ሩሲያ ተጓዙ። ልጅ ኢያሱን ካወገዙ በኋላም የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. አራዳ ጊዮርጊስ ላይ የዘውዲቱን ዘውድ የጫኑት እሳቸው ናቸው።

የአቡን ሥልጣን ምን እንደ ነበር ዛሬ ለመገመት ያስቸግራል። አቡን ከሌለ ቄስም ዲያቆንም አይሾምም፣ ታቦት አይባረክም፣ ንጉሥ አይቀባም። አቡን ሲሞት ሌላ እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ፤ ለማስመጣትም ወርቅ ይጫናል። ይህ ሁሉ ሥልጣን ያለው ሰው ደግሞ ባዳ ነው። ዘመድ የለውም፣ ጦር የለውም፣ የሚያወርሰው ልጅ የለውም። ያለው ቃሉ ነው፦ ማሰርና መፍታት። አፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም ላይ የቀቧቸውን አቡነ ሰላማን መቅደላ ላይ አስረው፣ ጳጳሱም እዚያው በ1860 ዓ.ም. አረፉ። ጠመንጃ የሌለውን መነኩሴ አምባ ላይ የሚያሳስረው ፍርሃት ምን ዓይነት ፍርሃት እንደሆነ አስቡት።

እዚህ ላይ ስደርስ ቂሜ ላላ። አዘንሁላቸው አልልም፤ ግን ሰውየው ገቡኝ። ኑሮዬ እቁብ ስለሆነ ይሆናል።

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች የሳምንት እቁብ አለን። ዳኛው እኔ ነኝ። እቁብ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም፤ የመርካቶ እቁብ ግን የሰፈር እቁብ አይደለም። አንድ ዕጣ ኮንቴይነር ያስለቅቃል፣ አንድ ዕጣ መቅረት ደግሞ ሱቅ ያዘጋል። ስለዚህ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ብር አይቀበልም፤ ዋሱም እዚያው እቁብተኛ ወይም የታወቀ ነጋዴ መሆን አለበት። ከዓመታት በፊት አንዱ ዕጣ በልቶ ከአገር ስለወጣ ደንቡን አጠብቀን መሐላ ጨምረንበት ነበር። ክርስቲያኑ በመስቀል፣ እስላሙ በቁርአን፦ ዕጣ በልቼ ብጠፋ፣ ዋስ ሆኜ ብክድ፣ እንዲህ ያድርገኝ። መሐላውን የማስፈጽመው እኔ ነበርሁ። በወጉ መሠረት የመጀመሪያውን ዕጣ ያለ ዕጣ የሚወስደውም ዳኛው ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶው ሸማ ተራ ተቃጠለ። የዚያን ምሽት ነገር በዜና ሰምታችሁታል። የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት ባጣበት ጠባብ መንገድ ሰዉ ጣቃ በትከሻው፣ ካዝና በገመድ ሲያወጣ አደረ። በነጋታው አመዱ ላይ ጭሱ ሳይጠፋ ከእቁባችን ስድስት ሰዎች ሱቃቸው የነበረበትን ቦታ በግምት ያሳዩኝ ነበር። አንዱ የቀለጠ የካልኩሌተር ፕላስቲክ መሬት ላይ ተለጥፎ አግኝቶ፣ «ይሄ የኔ ነው፣ ባንኮኒዬ እዚህ ጋ ነበር» ይለኛል፤ ከዚያ ነገር ተነስቶ የሱቁን ስፋት በእግሩ ይለካል።

ስድስቱም ዕጣ የበሉ ናቸው። ከፊሎቹ ዋሶች የዚያው ረድፍ ጎረቤቶች ስለሆኑ እነሱም ተቃጥለዋል። መርካቶ ውስጥ ሰው የሚዋሰው ለሚያየው ሰው ነው፤ የሚያየው ደግሞ ጎረቤቱን ነው። ደንባችን ያላሰበው ይህን ነበር፤ ተዋሹና ዋሱ በአንድ ክብሪት እንደሚነዱ።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ጥያቄው መጣ። የተቃጠለባቸው አልጠየቁም፤ አንገታቸውን ደፍተው ዳር ተቀምጠዋል። የጠየቁት ሌሎቹ ናቸው፦ «ዳኛ፣ ፍታቸው። መሐላውን አንሣላቸው። እግዜር ያመጣው ነው።» ብዙው እጅ ወጣ። እጅ ካወጡት አብዛኞቹ ዕጣቸውን የበሉ መሆናቸውን ጸሐፊው በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ዕጣ ያልደረሳቸው ዝም ብለዋል። ከነሱ መካከል ነጠላና ጋቢ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ ዕጣቸውን ለልጃቸው ሠርግ ብለው መጨረሻ አካባቢ እንዲደርሳቸው የለመኑ። እሳቸውን ማንም አላያቸውም። እኔም ያየኋቸው ኋላ ነው፣ ቤቴ ገብቼ እራት ስበላ።

«ለሚቀጥለው ሳምንት» ብዬ በተንሁት።

ያን ሳምንት አባቴ ከጭንቅላቴ አልወጡም። የሸዋን መኳንንት ፈቱ፤ እኛን ግን ማን ፈታን? ልጅ ሆኜ የቂም ንግግር ይመስለኝ የነበረው በስድሳ ዓመቴ የሒሳብ ጥያቄ ሆኖ መጣብኝ። መሐላ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱን ጫፍ የያዘውን ስትፈታው በሌላው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ይወድቃል። መስከረም 17 ቀን ቤተ መንግሥት የተሰበሰቡት ሰዎች ከሥጋት ዳኑ፤ ወሎ ውስጥ ያሉት ግን ያው መሐላ እንዳለ አንገታቸው ላይ ነው። አያቴ የሞቱት አቡኑ ራሳቸው ያሰሩትን ቃል ጠብቀው ነው። አቡኑ ባያስሩት ኖሮ ቤታቸው በተቀመጡ። ንጉሥ ሚካኤልን ደሴ ላይ ያነገሡት አቡነ ጴጥሮስም ከአቡነ ማቴዎስ ጋር በአንድ ዘመን ከግብፅ የመጡ ጳጳስ ናቸው። አንድ መንበር የላካቸው ሁለት ጳጳሳት ሁለት የሚዋጉ ቤቶችን ባርከዋል።

እንግሊዝ አገር የምትኖር፣ ታሪክ የተማረች የእህቴ ልጅ አለችኝ። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ጨንቆኝ ስለነበር እቁቡንም ጳጳሱንም ቀላቅዬ አወራኋት። «ጋሼ፣ የኛም አገር ጳጳስ አለ» አለችኝ። «የኛ አገር» ስትል ሁልጊዜ የቱ እንደሆነ እጠይቃታለሁ።

ሰውየው አዳም ኦርልተን ይባላሉ፤ ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የሄርፎርድ ጳጳስ የነበሩ። ንጉሥ ኤድዋርድ ሁለተኛ የሸፈተበትን ሮጀር ሞርቲመርን ረድተዋል ብሎ ከሷቸዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1326 ንግሥት ኢዛቤላና ሞርቲመር ጦር ይዘው ከባሕር ማዶ ሲመጡ ጳጳሱ ከነሱ ጋር ሆኑ፤ ኦክስፎርድ ላይ ሰበኩ። የስብከቱ መነሻ መጽሐፈ ነገሥት ውስጥ ያለው፣ ራሱን አሞት ለአባቱ የጮኸው ሕፃን ነው ይባላል። ራስ የታመመ አገር ምን ይደረጋል ማለታቸው ነው፤ የሰማ ሁሉ ገብቶታል። በጥር 1327 ወደ ኬኒልዎርዝ ግንብ ሄደው የተያዘውን ንጉሥ አልጋህን ለልጅህ ልቀቅ ካሉት መካከል ነበሩ። በአገሩ ሁሉ ስም አንድ ባላባት ለንጉሡ የተገባውን የታማኝነት ቃል መመለሱን እዚያው ተናገረ።

«እና ጳጳሱ ምን ሆኑ?» አልኋት።

«ተሾሙ። ከሄርፎርድ ወደ ዉስተር፣ ከዉስተር ወደ ዊንቸስተር። ዊንቸስተር በጣም ሀብታም መንበር ነበር። በ1334 ያን ስብከት አንስተው ሲከሷቸው እንዲህ ማለቴ አልነበረም ብለው በጽሑፍ መልስ ሰጡ።»

አቡነ ማቴዎስ እንኳ በዚህ አይታሙም። ከነበሩበት መንበር በላይ መንበር አልነበረም፤ 1909 አንዳች ሹመት አልጨመረላቸውም። ለአባቴም መቃብር ላይ ቆሜ ብናገር የምላቸው ይህንን ነው፦ አቡኑ ባዶ እጃቸውን አልፈቱም። ሰገሌ ላይ ሚካኤል ቢያሸንፉ ኖሮ የመጀመሪያው ተጠያቂ እሳቸው ነበሩ። ለአንድ ወር አንገታቸውን አስይዘዋል። ግን ማስያዣው ሳይነካ ተመለሰላቸው፤ የከፈለው ሌላ ሰው ነው። አባቴ ይህን ቢሰሙ «እና?» ነው የሚሉኝ። እኔም መልስ የለኝም።

ከሱቄ ተነስቼ ወደ ፒያሳ ስወጣ የማልፈው በሌላው አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሥር ነው፤ በኢትዮጵያዊው። ሐውልቱ በባቡሩ ሥራ ምክንያት በ2005 ተነሥቶ በ2008 ሲመለስ መርካቶ እንግዳ እንደመጣ ሰው ወጥቶ አይቶታል። ያን ሳምንት ወደ ባንክ ስመላለስ በሐውልቱ ሥር ብዙ ጊዜ አለፍሁ፤ ሳላስበው ጳጳሳቱን ማወዳደር ጀመርሁ።

አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 በቀናት ልዩነት ሲያርፉ ራስ ተፈሪ እጃቸው ተፈታ። ከዚያ በኋላ የመጡት ግብፃዊ አቡነ ቄርሎስ ብቻቸውን አልነበሩም፤ በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ላይ ጵጵስና ተቀቡ። እንደ እኔ እንደ እኔ መንግሥት 1909ን አይቶ ደንግጧል፤ ንጉሥ የሚፈታ ቃል በአንድ ሰው፣ ያውም በባዳ አፍ ውስጥ መሆኑ አስፈርቶታል። መንገዱ በ1943 በአቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጵጵስና፣ በ1951 በፓትርያርክነት ተጠናቀቀ። ይህን ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔን የያዘኝ ከአራቱ የሁለቱ ነገር ነው፦ የአቡነ ጴጥሮስና የአቡነ አብርሃም።

ጣልያን ሲገባ ሁለቱም ቃል ተጠየቁ። የፍቼው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስ፣ አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሞክረው ሳይሆንላቸው ሲቀር ተይዘው ለፋሺስት እንዲገዙ፣ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲናገሩ ታዘዙ። እምቢ አሉ፤ እንዲያውም ሕዝቡም ምድሪቱም እንዳይገዙለት ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ ተረሸኑ። አቡነ አብርሃም የጎጃም ጳጳስ ነበሩ። ለጣልያን አደሩ፤ በኅዳር 1930 ዓ.ም. ጣልያን ከእስክንድርያ ለያይቶ ሊቀ ጳጳስ አደረጋቸው፤ እሳቸውም አርበኛውን አወገዙ። ያው ሥልጣን፣ ያው ቅብዐት፣ በአንድ ቀን የተቀቡ ሁለት ሰዎች። የጎጃም አርበኛ የራሱን ጳጳስ ውግዘት ሰምቶ ጠመንጃውን አላስቀመጠም። የአቡነ ጴጥሮስን ግዝት ግን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴአትር ሠራበት፣ እኛ ደግሞ በየቀኑ በሥሩ እናልፋለን።

ጣልያን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ፊት አንስቶ ወደዚህ ያወረደውም በዚያው ዘመን ነው። ለአገሬው ተብሎ የተከለለ ገበያ ነበር መርካቶ፤ ስሙም የነሱ ነው። አባቴ ጣልያን በወጣ ማግሥት ከደሴ መጥተው እዚህ ተተከሉ። ጣልያን ለንቀት የከለለው ቦታ ላይ ነው ያሳደጉን፤ ይህንንም ሲያነሡ ይስቁ ነበር።

ስብሰባው ደረሰ። ከመግባቴ በፊት ከሽማግሌዎቻችን አንዱን፣ ሐጂን፣ ሻይ ጋበዝኋቸው። አሳቤ መሐላውን እንደምፈታ ቀድሞ ለመንገርና ድጋፋቸውን ለማግኘት ነው። ሐጂ ሻያቸውን ሳያማስሉ ሰሙኝ።

«አንተ ዕጣህን የበላኸው መቼ ነው?» አሉኝ።

«መጀመሪያ ነዋ ሐጂ። የዳኛ ነው።»

«እንግዲያው መፍታት ለአንተ ምን ያስከፍልሃል? ከፈታህ አንተ ያዝ። ዋስ ሁን።»

ያሉኝ ይህን ብቻ ነው። ከዚያ ስለ ጨርቅ ዋጋ አወሩኝ። እኔ ግን አፍሬ ነበር፤ ኦርልተንን ሳምንቱን ሙሉ ስፈርድባቸው ከርሜ የራሴን ዊንቸስተር ቀድሜ ወስጃለሁ።

ስብሰባው ላይ እንዲህ አልሁ፦ የተቃጠለባቸው እስኪያገግሙ ክፍያቸው ይቆይ፤ የተቃጠሉት ዋሶችም ለጊዜው አይጠየቁ። ጉድለቱን ግን ዕጣ ያልደረሳቸው አይሸከሙትም። ግማሹን እኔ እችላለሁ፤ የቀረውን ዕጣ የበላችሁና ሱቃችሁ የቆመ ተካፈሉት። ባለፈው ሳምንት ከወጣው እጅ ግማሹ ወረደ። ግርግር ሆነ። አንዱ፣ «አንተ ስላለህ ነው፣ እኛን በግድ ለጋስ ልታደርገን ነው» አለኝ። ከእውነት የራቀ ነገር አልተናገረም። ሌላው ጨርሶ ወጥቶ ሄደ። ነገሩ የጸናው ሐጂ ድርሻቸውን ጠረጴዛው ላይ ቆጥረው ካስቀመጡ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ኪሱን ይደብቃል።

ከስድስቱ አንዱ ግን በረንዳ ላይ ጠብቆ ያዘኝ። ባለ ካልኩሌተሩ ነው። «ምጽዋት ማን ጠየቀህ?» አለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ማልሁ፣ እከፍላለሁ። በአንተ ገንዘብ ነው የምፈታው?» ምን ብዬ ልመልስለት? የሰውን ቃል ከአንገቱ ላይ ስታነሣ ክብሩንም አብረህ ልታነሣበት እንደምትችል ያን ዕለት ነው ያየሁት። አያቴ ራሳቸው፣ አንድ ሰው መጥቶ «ፈትቼሃለሁ፣ ሰገሌ አትሂድ» ቢላቸው ምን ይሉ እንደነበር ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። አባቴ ጠይቀውት የማያውቁት ጥያቄ ነው፤ ምናልባት ፈርተውት ይሆናል። ከሰውየው ጋር የተስማማነው፣ የከፈልሁለትን እንደ ብድር ጽፎ እንዲፈርምልኝ ነው። ያለ ዋስ። ከፍሎ ጨርሷል፤ ሲጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ቀደደው እንጂ አላመሰገነኝም።

ባለቤቴ ከኔ ጋር አልተስማማችም። ቤት ውስጥ የተነጋገርነውን ሁሉ አልጽፈውም። አንዱን ብቻ፦ «አባትህ ጳጳሱን የጠሉት ስለፈቱ አይደለም፤ ስላሰሩ ነው» አለችኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይነግሣል ብሎ አገር ሙሉ በርግማን ማሰር ምን አመጣው ነው ነገሯ። ምኒልክ ተጨንቀው ነው፣ አገሩ እንዳይበተን ነው ብዬ ተከራከርሁ። «እናንተም አንዱ ዕጣ በልቶ ቢጠፋ ተጨንቃችሁ ሃምሳውን ሰው አማላችሁ» አለችኝ። እዚህ ላይ ክርክሩን እሷ ረታች።

እቁቡ ሳይበተን ዙሩን ጨረሰ። ነጠላ ሻጯ እናት ዕጣቸውን በጊዜው ወሰዱ፤ ሠርጉም ተደገሰ፣ ተጠርቼ በልቻለሁ። አዲሱ ዙር ሲጀመር ደንቡን አሻሻልን። መሐላው ቀረ። ዋስና ተዋሽ በአንድ ረድፍ የሚነግዱ መሆን የለባቸውም ተባለ። የዳኛ የመጀመሪያ ዕጣም ቀርቶ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ዕጣቸውን መጨረሻ እንዲወስዱ፣ ማንንም ከግዴታ ካሳረፉ ጉድለቱ ከዕጣቸው እንዲቀነስ ተጻፈ። ጸሐፊያችን አንብቦ ሲጨርስ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ አለን። ገንዘብ ያዡም በሳምንቱ ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። እስካሁን የሦስቱንም ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ።